በእጅ የተገጣጠመው ማክ ሲቆም፦ ከታሆ በኋላ ችግሩን የት እንፈልግ?

አፕል ጁን 9 ቀን 2025 በከፈተው ዓመታዊ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ማክኦኤስ ታሆን ሲያስተዋውቅ፣ በኢንቴል ፕሮሰሰር ለሚሠሩ ማኮች የመጨረሻው ስሪት ይህ እንደሚሆን አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ታሆ ራሱ ከኢንቴል ማኮች የተቀበለው አራት ሞዴሎችን ብቻ ነው፦ የ2019ኙን ባለ16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ የ2020ውን ባለ13 ኢንችና ባለአራት ተንደርቦልት ማክቡክ ፕሮ፣ የ2020ውን ባለ27 ኢንች አይማክ እና የ2019ኙን ማክ ፕሮ። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ማክኦኤስ የሚሠራው አፕል ራሱ በነደፋቸው ቺፖች ላይ ብቻ ነው።

ለአብዛኛው የማክ ተጠቃሚ ዜናው ያረጀ ኮምፒውተር መቀየሪያው ጊዜ ደረሰ ከማለት አያልፍም። ከገበያ የተገዛ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ገጣጥመው ማክኦኤስ ለሚያሠሩት፣ ማለትም ለሃኪንቶሽ ባለቤቶች ግን፣ ወደ ሃያ ዓመት የተሄደበት መንገድ መጨረሻ ነው። እርግጥ መንገዱ በአንድ ቀን አይዘጋም። ዛሬ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ቪዲዮ የሚቆርጡ፣ ሙዚቃ የሚቀዱ፣ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ማሽኖቹ ነገም ይሠራሉ፣ ይበላሻሉም። መናገር የምፈልገው ስለዚህ ብልሽት ነው፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሃኪንቶሽ ብልሽት ዓይነቱ ተለውጧልና። ቀድሞ ማሽኑ ሲቆም ባለቤቱ የጎደለ ወይም የተሳሳተ ቅንብር ይፈልግ ነበር፤ ፈልጎም ያገኘው ነበር። አሁን ከሚያጋጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ አፕል ከሲስተሙ ውስጥ አውጥቶ ከጣላቸው ክፍሎች የሚመጡ ናቸው። ሁለቱ ችግሮች ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ይህን ሳይለይ ጥገና የጀመረ ሰው ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የደንበኛውን ፋይልም ሊያጣ ይችላል።

መነሻውን ባጭሩ ላስታውስ። ስቲቭ ጆብስ ማክ ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል እንደሚዞር የተናገረው በጁን 2005 ነው። የመጀመሪያዎቹ የኢንቴል ማኮች በጃንዋሪ 2006 ሲወጡ፣ በውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ከማንኛውም ፒሲ ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። አፕል ልዩነቱን ለማስጠበቅ ኤስኤምሲ በምትባል ትንሽ ቺፕ ውስጥ ቁልፍ አስቀመጠ፤ ሲስተሙ ያን ቁልፍ ካላገኘ ፋይንደርን የመሳሰሉ የተመሰጠሩ ዋና ፕሮግራሞቹን መክፈት አይችልም። ይህችን ቺፕ በሶፍትዌር የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ተጻፉ፤ በመጀመሪያ ፌክኤስኤምሲ፣ ኋላም ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቨርቹዋልኤስኤምሲ።

የሕጉንም ነገር መሸፋፈን አያስፈልግም። የማክኦኤስ የፈቃድ ውል ሲስተሙ የአፕል ምልክት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲጫን ነው የሚፈቅደው። መቀመጫውን ፍሎሪዳ ያደረገው ሳይስታር የተባለ ኩባንያ በ2008 ማክኦኤስ የተጫነባቸው የራሱን ፒሲዎች መሸጥ ሲጀምር አፕል ከሰሰው፤ ዳኛ ዊልያም አልሰፕ በኖቬምበር 2009 ለአፕል ፈረዱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2011 ውሳኔውን አጸና። ለገዛ ጠረጴዛው የገጣጠመ ሰውም ቢሆን ከውሉ ውጭ መሆኑን አውቆ ነው የሚገባበት። ለመሥሪያ ቤት ወይም ሌላ ሰው ለሚመካበት ሥራ ሃኪንቶሽ እንዲገጠም መክሬ አላውቅም፤ ዛሬ ደግሞ ከሕጉ በተጨማሪ ቴክኒኩም ይህን አቋም ይደግፋል።

አሁን ያሉት ማሽኖች በአብዛኛው የሚነሱት በ2019 ብቅ ባለው ኦፕንኮር ነው። ኦፕንኮር የሚሠራው ማክኦኤስ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ሲስተሙ የተቀመጠበትን ማሽን ሲጠይቅ ማክ የሚሰጠውን መልስ አዘጋጅቶ ያቀርባል። የማሽኑን የሞዴል ስምና ሴሪያል ይሰጣል፤ ማዘርቦርዱ ስለ ራሱ የሚያወጣቸውን ኤሲፒአይ የሚባሉ ሠንጠረዦች ያርማል፤ ኬክስት የሚባሉ ተጨማሪ የሲስተም ፋይሎችን ያስገባል። ሊሉ የሌሎቹ ኬክስቶች መሠረት ነው፤ ዋትኤቨርግሪን ግራፊክሱን፣ አፕልኤኤልሲ ድምፁን፣ ኢንቴልማውሲ የኬብል ኔትወርኩን ይይዛሉ። ከቀድሞዎቹ መንገዶች የሚለየው ዋና ነገር ዲስኩ ላይ ያለው ማክኦኤስ ሳይነካ መቅረቱ ነው። ለጥገና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስህተት ካለ ያለው በአንዲት የቅንብር ፋይልና በዙሪያዋ ባሉ ጥቂት ፎልደሮች ውስጥ ነው፤ እነሱም ፍላሽ ላይ ተገልብጠው ሊያዙ ይችላሉ።

ለሚቆም ማሽን የመጀመሪያው ሥራ የአፕሏ ምስል የሚሸፍነውን ጽሑፍ መግለጥ ነው። በኦፕንኮር የማስነሻ ትእዛዞች ላይ ከሰረዝ ጋር ቪ የምትባለውን የላቲን ፊደል መጨመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ በፍጥነት የሚወርደው ጽሑፍ ያስፈራል፤ ግን ሁሉም መነበብ የለበትም። የሚፈለገው የት ላይ እንደቆመ ነው። የመጨረሻው መስመር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውን አይጠራም፤ ጥፋተኛው ከእሱ ቀጥሎ መምጣት የነበረበትና ያልመጣው ነገር ነው። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ብዙ ሰው ግን የመጨረሻውን መስመር ገልብጦ ተመሳሳይ መስመር ያየ ሌላ ሰው ይፈልግና፣ የዚያን ሰው የቅንብር ፋይል እንዳለ ያወርዳል፤ ማዘርቦርዱ ሌላ፣ የባዮስ ስሪቱ ሌላ፣ ግራፊክሱ ሌላ። እንዲህ ተደራርቦ የመጣ ማሽን ላይ ጥገና ከመጀመር ፋይሉን ከባዶ መሥራት ይቀላል።

ኦፕንኮር ሥራውን ጨርሶ ለማክኦኤስ እምብርት ሲያስረክብ የሚታይ አንድ መስመር አለ። ማሽኑ እዚያ ላይ ከቆመ፣ ዲስኩንም ግራፊክስ ካርዱንም መጠራጠር ገና ነው፤ እምብርቱ አልተነሳምና። እዚህ ቦታ ላይ የሚመረመረው የሜሞሪ አከፋፈል ነው፤ ዜድ390 የተባለው የኢንቴል ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች ለዚህ የራሳቸው ቅንብር ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ሲኤፍጂ ሎክ የሚባለው የባዮስ ቁልፍ ነው፤ ማክኦኤስ የፕሮሰሰሩን የኃይል አጠቃቀም ለመቆጣጠር ሊጽፍበት የሚፈልገውን ቦታ ባዮሱ ዘግቶት ይገኛል። በባዮስ ውስጥ ምርጫው ካለ ማጥፋት፣ ከሌለ በኦፕንኮር በኩል ማለፍ ይቻላል። እምብርቱ ተነስቶ በማዘርቦርዱ ላይ የተሰኩ ካርዶችን ሲቆጥር ከቆመ ደግሞ፣ በባዮስ ውስጥ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን አድራሻ የሚከፍተው ምርጫ ይታያል፤ በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይም የሰዓቱ ጉዳይ ይታያል። ማክኦኤስ የሚያውቀው የድሮውን የሰዓት ቺፕ አሠራር ሲሆን፣ ከ300ኛው ተከታታይ ቺፕሴቶች ወዲህ ያሉ ብዙ ማዘርቦርዶች ሌላ ዓይነት ሰዓት ያቀርባሉ፤ አንዲት አጭር የኤሲፒአይ ሠንጠረዥ ታርመዋለች።

ክብ ውስጥ ሰያፍ መስመር ያለበት የክልከላ ምልክት ከወጣ እምብርቱ ደህና ነው፤ ያጣው ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ነው። ማክኦኤስ ከፍላሽ እየተጫነ ከሆነ ፍላሹን ከሰማያዊው ወደ ጥቁሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ማዛወር ብቻውን ችግሩን ሊገልጠው ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እመለስበታለሁ። ጽሑፉ ሁሉ ወርዶ አልቆ ስክሪኑ ከጨለመ ግን ኮምፒውተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ያለውን የካፕስ ሎክ ቁልፍ መጫን ነው። መብራቱ እየበራና እየጠፋ ከታዘዘ ማሽኑ ሕያው ነው፤ የጠፋው ምስል ብቻ ነው። ናቪ በሚባለው ትውልድ የኤኤምዲ ካርዶች፣ ለምሳሌ በአርኤክስ 5700 ኤክስቲ ላይ፣ ይህ የተለመደ ነው፤ አንዲት የዋትኤቨርግሪን ትእዛዝ ስትጨመር ምስሉ ይመጣል። ያን የካፕስ ሎክ ሙከራ ሳያደርጉ ፓወር ሳፕላይና ራም የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዩኤስቢው። ከሃኪንቶሽ ችግሮች ሁሉ በጣም የተለመደውና በጣም የሚያሳስተው ይህ ስለሆነ ቆም ብዬ ላሳየው። ከ2015ቱ ኤል ካፒታን ወዲህ ማክኦኤስ በአንድ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ላይ ከ15 በላይ መስመር አይቀበልም። አፕል የራሱን ማሽኖች መስመር ቆጥሮ ስለሚሠራ ወሰኑ እሱን አይነካውም። የዜድ390 ቺፕሴት ግን 14 የዩኤስቢ 2 እና እስከ 10 የሚደርሱ የዩኤስቢ 3 መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ሰማያዊ ቀዳዳም እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ አንዱ መስመር ለዘገምተኛው፣ ሌላው ለፈጣኑ። መቆጣጠሪያው ሲዘረዝራቸው አብዛኛውን ጊዜ ዘገምተኞቹ ከፊት ይሰለፋሉ፣ ፈጣኖቹ ከኋላ። ወሰኑ 15 ላይ ሲቆርጥ የሚቀሩት እንግዲህ ፈጣኖቹ ናቸው። ውጤቱን ባለቤቱ የሚያየው በሌላ መልክ ነው፦ አይጡና ኪቦርዱ ይሠራሉ፤ የውጭ ሃርድ ዲስኩ ግን አይታይም፣ ወይም ታይቶ ይንቀራፈፋል። ዲስኩ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል።

መፍትሔው ማሽኑ ፊት ተቀምጦ መቁጠር ነው። አንድ የዩኤስቢ 2 ፍላሽና አንድ የዩኤስቢ 3 ፍላሽ ይዞ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱንም እየሰኩ፣ ዩኤስቢቱልቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ የትኛው መስመር እንደበራ በወረቀት መጻፍ። ከዚያ መምረጥ ይመጣል። ከኋላ ያሉ ስድስት ሰማያዊ ቀዳዳዎች 12 መስመር ይወስዳሉ፤ ለኪቦርድና ለአይጥ ሁለት ጥቁር ቀዳዳዎች 2፤ አንዷ የምትቀረው ለብሉቱዝ ናት። ብዙ ሰው የሚረሳት ይህችን ነው፤ የዋይፋይ ካርዱ ላይ ያለው ብሉቱዝ በውስጥ በኩል በዩኤስቢ ገመድ የተሰካ መሣሪያ ነው። መስመሯ ከተቆረጠች ብሉቱዙ ይጠፋል። መስመሯ ኖራ ዓይነቷ «የውስጥ» ተብሎ ካልተመዘገበ ደግሞ ማሽኑ ሲተኛ ወዲያው እየነቃ ያስቸግራል። ኮምፒውተሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ከሚሉት ውስጥ ስንቶቹ መነሻቸው ይህች አንዲት ምዝገባ እንደሆነች ላየ ሰው ያስደንቃል። ይህ ሁሉ አድካሚ ነው፤ ግን ምክንያቱ የሚገለጽ፣ መፍትሔውም የባለቤቱ እጅ የሚደርስበት ነው። ለእኔ የሃኪንቶሽ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነበር። ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሳ፣ አንዱ ክፍል ለሌላው ምን እንደሚናገር፣ ባዮስ ውስጥ ያለች አንዲት ምርጫ ለምን ሙሉ ሲስተም እንደምታቆም ብዙ ወጣቶች የተማሩት በትምህርት ቤት ሳይሆን እንዲህ ፍላሽ እየሰኩ ነው።

ከቅንብሩ ፈጽሞ ነፃ የሆኑ ችግሮችም አሉ። ሳምሰንግ 970 ኢቮ ፕላስ የተባለው ኤስኤስዲ በ2019 ሲወጣ በነበረው ፈርምዌር ማክኦኤስን እየጣለ አስቸግሮ ነበር፤ ሳምሰንግ ባወጣው አዲስ ፈርምዌር ተስተካከለ። ፒኤም981 ላፕቶፖች ውስጥ ተሰክቶ የሚመጣና እየተፈታም የሚሸጥ ዲስክ ነው፤ ከማክኦኤስ ጋር ስለማይስማማ ባይገዛ ይሻላል። ሞንተሬይ ከተባለው የ2021 ስሪት ወዲህ ደግሞ አንዳንድ የሳምሰንግ ዲስኮች ሲስተሙ ሲነሳ የሚያደርገውን የባዶ ቦታ ማጽዳት እጅግ ስለሚያዘገዩት፣ ማሽኑ ሳይቆም የቆመ ይመስላል። ትዕግሥት አጥቶ ፓወሩን መንቀል እዚህ ላይ ነው ጉዳት የሚያደርሰው። አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህን ማሽኖች የሚያሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ መብራት መጥቶ ሲሄድ የሚከተለውን ያውቁታል፤ ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ዴስክቶፕ ላይ የዲስክ ስህተት ሲመጣ ኦፕንኮርን ከመንካት በፊት ዲስኩን በማክኦኤስ የራሱ የዲስክ መመርመሪያ መፈተሽ ይቀድማል።

እስካሁን ያልኩት የቀድሞውን ዓይነት ብልሽት ነው። ሁለተኛው ዓይነት የጀመረው ከታሆ በፊት ነው። በ2018 ሞሃቪ ሲወጣ ማክስዌልና ፓስካል የሚባሉት የኤንቪዲያ ካርዶች፣ ጂቲኤክስ 1080ን ጨምሮ፣ ድራይቨር አጡ። ኤንቪዲያ በማክ ላይ ድራይቨር ለማውጣት የአፕል ይሁንታ እንደሚያስፈልገው ገለጸ፤ ይሁንታው አልመጣም። ኬፕለር የተባሉት አሮጌዎቹ ካርዶች ድራይቨራቸው ሲስተሙ ውስጥ ስለነበር እስከ ቢግ ሰር ዘለቁ፤ በ2021 ሞንተሬይ ላይ እነሱም ወጡ። በ2023 ሶኖማ ሲመጣ የሃኪንቶሽ ባለቤቶች በጣም የሚወዷቸው የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ተራ ደረሰ። በታሆ ደግሞ የአናሎግ ድምፅን የሚያሠራው አፕልኤችዲኤ ከሲስተሙ ተነሳ፤ አፕልኤኤልሲም የሚያርመው ነገር ስላጣ በማዘርቦርዱ የድምፅ ቀዳዳ የሚሠራ ማሽን ዝም አለ።

እነዚህ አጋጣሚዎች ሊመስሉ ይችላሉ፤ ግን ላስተዋላቸው ሰው ሥርዓት አላቸው። የሞሃቪውን የኤንቪዲያ ጉዳይ፣ የሁለቱ ኩባንያዎች ነገር ስለሆነ፣ ለብቻ እናስቀምጠው። በሌሎቹ ሁሉ አፕል የጣለው በራሱ የሚደገፉ ሞዴሎች ዝርዝር ውስጥ ባለቤት ያጣውን ክፍል ነው። ሶኖማ ከ2017ቱ አይማክ ፕሮ በቀር ከ2018 በፊት የወጡ ማኮችን በሙሉ ሲያሰናብት የእነሱን የዋይፋይ ድራይቨርም አብሮ አሰናበተ። በታሆ የቀሩት አራቱ የኢንቴል ሞዴሎች በሙሉ ቲ2 የሚባል የአፕል ቺፕ አላቸው፤ ድምፃቸው የሚያልፈውም በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ አፕልኤችዲኤ ለአፕል ጥቅም አልነበረውም። በተቃራኒው አርኤክስ 580 የሚባለው ያረጀ የኤኤምዲ ካርድ ታሆ ላይም ይሠራል፤ የቅርብ ዘመዱ በ2019ኙ ማክ ፕሮ ውስጥ ስላለ። አርኤክስ 6600፣ 6800 እና 6900 ሲደገፉ መካከላቸው ያለው 6700 ኤክስቲ ያልተደገፈው በየትኛውም ማክ ውስጥ ስላልገባ ነው። ፕሮሰሰሩም ያው ነው፤ የመጨረሻው የኢንቴል አይማክ 10ኛ ትውልድ ስለሆነ፣ 12ኛ ትውልድ ያለው ሰው ፕሮሰሰሩን የ10ኛው ነኝ እንዲል ማድረግ አለበት፤ አብሮት ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ግን ምንም ቢደረግ አይሠራም። እንግዲህ ከማሻሻል በፊት የሚነበበው የአዲሱ ስሪት ጌጥና ቀለም ሳይሆን የሚደግፋቸው ሞዴሎች ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከተቀሩት ማኮች ይህን የሚጠቀም አለ?

ችግሩ ከደረሰ በኋላስ በምን ይለያል? ዋይፋዩን ልውሰድ። ከሶኖማ በፊት ከነበረው ቬንቱራ ወደ ሶኖማ የተሻሻለ ማሽን ላይ የዋይፋዩ ምልክት ጠፍቷል። ባለቤቱ ካርዱን ነቅሎ ይሰካል፣ አንቴናውን ያጠብቃል፣ ኬክስት ይቀያይራል። በሲስተሙ የመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ግን ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ እንደተሰካ መሣሪያ በግልጽ ይታያል፤ የሌለው እሱን የሚይዝ ድራይቨር ነው። መለያው ሙከራ ቀላል ነው፤ በሌላ ዲስክ ላይ የቀድሞው ስሪት ይጫናል፣ በዚያው ኦፕንኮር ይነሳል። በቬንቱራ ሠርቶ በሶኖማ ካልሠራ ካርዱም ቅንብሩም ንጹሕ ናቸው፤ ተቆርጦ የወጣ ነገር ነው። በሁለቱም ካልሠራ ወደ ቀድሞው ዓይነት ፍለጋ መመለስ ነው። አንድ የቆየ ባለ120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለዚህ ሙከራ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ከየትኛውም የመመርመሪያ ፕሮግራም ይበልጣል።

ተቆርጦ የወጣውን መልሶ ማስገባት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው አፕል ለጣላቸው እውነተኛ አሮጌ ማኮች ቢሆንም። እዚህ ላይ ግን ዋጋው ይታወቅ። ከቢግ ሰር ጀምሮ ማክኦኤስ የተቀመጠበት የዲስክ ክፍል በአፕል ፊርማ የታሸገ ነው። የድሮውን የዋይፋይ ወይም የድምፅ ፋይል ለመመለስ ማኅተሙ ይሰበራል፤ የሲስተም ጥበቃውም በከፊል ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማሻሻያ በጥቂቱ ሳይሆን ሙሉው ሲስተም እየወረደ ነው የሚመጣው፤ የኢንተርኔት ጥቅሉን በጊጋባይት ለሚገዛ ሰው ይህ ራሱ ሸክም ነው። ማሻሻያው በገባ ቁጥርም የተመለሰው ፋይል ተጠርጎ ይወጣል፤ እንደገና መለጠፍ ያስፈልጋል። የኦፕንኮር ዋና ጸጋ ሲስተሙን ሳይነካ መተው ነበር፤ ይህ መንገድ ያን ጸጋ አሳልፎ ይሰጣል። ዋይፋይ ለማዳን የሲስተሙን ጥበቃ መክፈል ልክ ነው ብዬ አላምንም። የባንክ ሒሳብ የሚከፈትበት፣ የደንበኛ ሰነድ ያለበት ማሽን ከሆነማ ጭራሽ። ለድምፅ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ የሚሄደው በሌላ ድራይቨር ስለሆነ ታሆ ላይም ይሠራል፤ ለኔትወርክም ኬብል አለ።

የኢኮኖሚው ስሌትም አብሮ ተገልብጧል። በ2013 እና በ2019 መካከል ኃይለኛ ማክ የፈለገ ሰው ምርጫው ጠባብ፣ ዋጋውም ከባድ ስለነበር፣ ማዘርቦርድ ገዝቶ መገጣጠም ገንዘብ ያስቀር ነበር። ኤም1 የተባለው ቺፕ በኖቬምበር 2020 ከወጣ በኋላ ስሌቱ ሳሳ። በኖቬምበር 2024 የወጣው ኤም4 ማክ ሚኒ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ በአሜሪካ በ599 ዶላር ሲጀምር፣ ለቪዲዮ ሥራ ከእሱ ጋር የሚወዳደር ሃኪንቶሽ በዚያ ዋጋ ከአዲስ ዕቃ መገጣጠም አዳጋች ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሁለቱም ከባድ ሆነዋል፤ ማክ ሚኒውም ግራፊክስ ካርዱም የሚገቡት በዶላር ነው። ልዩነቱ ከብልሽት በኋላ ይመጣል። የተገጣጠመው ዴስክቶፕ ራሙ ቢሞት ራም፣ ፓወር ሳፕላዩ ቢቃጠል ፓወር ሳፕላይ ተፈልጎ ይቀየራል። የማክ ሚኒው ሜሞሪ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ የታሸገ ነው፤ ሜሞሪውን ለይቶ የሚቀይረው የሠፈር ባለሙያ የለም፤ አፕልም በአፍሪካ የራሱን መደብር አልከፈተም። ለዚህ ነው ዜናውን በደስታ ልቀበለው የማልችለው። አዲሶቹ ማኮች ፈጣኖችና ኤሌክትሪክ ቆጣቢዎች ናቸው፤ ሲበላሹ ግን ባለቤቱ ከማንበብ፣ ከመፈተሽና ከመቀየር ውጭ ይሆናል።

ዛሬ በእጁ የሚሠራ ሃኪንቶሽ ላለው ሰው የምለው ቁርጥ ያለ ነው። ወደ ታሆ አትሂዱ። ከእሱ በፊት በመጣው ሴኮያ ላይ ቆዩ። ሴኮያ የወጣው በሴፕቴምበር 2024 ነው፤ አፕል በልማዱ ከአዲሱ ስሪት በተጨማሪ ለሁለት ቀዳሚ ስሪቶች የደህንነት ማሻሻያ ስለሚያወጣ እስከ 2027 መኸር አካባቢ ድረስ ጊዜ ይሰጣል። የብሮድኮም ዋይፋይ ካርድ ላለው ቬንቱራ ላይ መቆየት ምቹ ቢሆንም የማሻሻያው ጊዜ ስላለፈ፣ ካርዱን ትቶ በኬብል ወደ ሴኮያ መምጣት ይሻላል። የሠራውን የኦፕንኮር ፎልደር ከነባዮሱ ስሪት ቁጥርና ከባዮሱ ምርጫዎች ፎቶ ጋር ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ሲመለስ ትናንት የሠራ ማሽን ዛሬ የማይነሳው በዚህ ነው። ኦፕንኮርን ስለወጣ ብቻ ማሻሻልም አያስፈልግም።

ሥራውን ማውጣት ግን ዛሬ ነው የሚጀመረው፤ ማሽኑ እየተነሳ ሳለ። የፋይናል ከት ፕሮጀክት ከማክ ውጭ አይከፈትም፤ የሚፈለጉት ፕሮጀክቶች በኤክስኤምኤል ይውጡ፣ ዋናዎቹ የቪዲዮ ፋይሎችም ከላይብረሪው ውጭ ይቀመጡ። የሎጂክ ዘፈኖች እያንዳንዱ ትራክ በዌቭ ፋይል ይውጣ፤ ማንኛውም ስቱዲዮ ይከፍተዋል። ለቪዲዮ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በማክ፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ ስለሚሠራ መሸጋገሪያ ይሆናል፤ ሆኖም ነፃው ስሪት ሊኑክስ ላይ ካሜራና ስልክ የሚቀርጹበትን ኤች.264 እና ኤች.265 ስለማይከፍት፣ የሠርግና የክሊፕ ሥራ ለሚሠራ ሰው ዊንዶውስ ይቀላል። የዜድ390 ማዘርቦርድና ባለ9ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የፕሮሰሰር ትውልድ ያሟላል፤ የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 ደግሞ በባዮሱ ውስጥ ፒቲቲ በሚል ስም ተዘግቶ የተቀመጠ ነው፤ ማብራት ብቻ ነው።